ሳያስፈቅዱ መከለል ይቻላል? የአሜሪካ የፌደራል መሬትና የአካባቢው ሰው ድምፅ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። በደቡብ ዩታ ሳልፍ አጥር ላይ «ሞኑመንት አንፈልግም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። ነዳጅ ስቀዳ ያገኘሁትን ሰውዬ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ዋሽንግተን ሳታስፈቅደን መሬታችንን ወሰደችው» አለኝ። እውነት የፌደራል መንግሥት የአካባቢውን ሰው ሳያስፈቅድ ያን ያህል መሬት መከለል ይችላል? ሕጉ ምን ይላል? ቢያስፈቅድስ አይሻልም ነበር?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ ይችላል። መሬቱ የራሱ የፌደራል መንግሥቱ እስከሆነ ድረስ የስቴቱም ሆነ የካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ፈቃድ አያስፈልገውም። ዋዮሚንግና አላስካ ላይ ብቻ ለየት ያለ ነገር አለ። እዚያም ቢሆን ፈቃጁ ኮንግረስ ነው እንጂ የአካባቢው ሰው አይደለም። ይሁንና የሰውዬው ንዴት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ትንሽ ታገሠኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ «መሬታችንን» የምትለዋን ቃል እናጥራት። ዩታ ውስጥ ካለው መሬት ከመቶ 63 ያህሉ የፌደራል ነው። ኔቫዳ ውስጥ 80 ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ ኮነቲከት ብትሄድ ደግሞ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በመላ አገሪቱ ሲደመር 640 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ይሆናል። አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል። ይህ መሬት ከምዕራብ ስቴቶች ላይ የተነጠቀ አይደለም። ስቴቶቹ ሳይፈጠሩ ጀምሮ በፌደራል መንግሥቱ እጅ የነበረ ነው። ከዚያ በፊት በማን እጅ ነበር የሚለው ሌላ ጉድ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዩታ ስቴት ልሁን ስትል ኮንግረስ በ1894 ባወጣው ሕግ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠባት። ለማንም ባልተሰጠው የሕዝብ መሬት ላይ ለዘለዓለም የባለቤትነት ጥያቄ እንዳታነሣ። እሺ ብላ በ1896 ስቴት ሆነች። በ2024 ግን ሐሳቧን ቀየረች። የፌደራል መንግሥቱ 18.5 ሚሊዮን ኤከር መሬት ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ብላ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ በ2025 መጀመሪያ ላይ አቤቱታውን አልቀበልም ብሎ መለሰው።

ስለዚህ ሞኑመንት፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ የሚከልሉት ጥብቅ ቦታ፣ ሲታወጅ የመሬቱ ባለቤት አይለወጥም። የሚለወጠው እዚያ ላይ የሚፈቀደውና የሚከለከለው ነው። አዲስ የማዕድን ይዞታ ማውጣት፣ ነዳጅ ለመቆፈር መሬት መከራየት አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ቀድሞ የተገኘ ሕጋዊ መብት ይቀጥላል። ግጦሽም በብዙዎቹ የምዕራብ ሞኑመንቶች ቀጥሏል። በክልሉ መሀል ያለ የግል እርሻ የግል እንደሆነ ይቆያል። «ሞኑመንት» የሚለው ቃልም ራሱ ያሳስታል። ሐውልት ያስመስላል። ነገሩ ግን አንዳንዴ ከአንድ ቋጥኝ የማይበልጥ፣ አንዳንዴ አውራጃ የሚያህል ጥብቅ ክልል ነው።

ሥልጣኑ የሚመጣው በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከፈረሙበት አጭር ሕግ ነው። ያኔ የነባሮቹ ሕዝቦች ጥንታዊ መንደሮችና መቃብሮች እየተቆፈሩ ይዘረፉ ነበር። ኮንግረስ እያንዳንዱን ቦታ በሕግ እስኪከልል ድረስ ዕቃው ያልቃል። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ በፊርማቸው ብቻ ታሪካዊ ወይም ሳይንሳዊ ፋይዳ ያለውን ነገር ከነቦታው መከለል እንዲችሉ ተፈቀደ። ሕጉ ሁለት ገደብ ብቻ አስቀመጠ። መሬቱ በፌደራል መንግሥቱ ባለቤትነት ወይም ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት። ስፋቱም ለጥበቃው ከሚያስፈልገው ትንሹ ልክ መብለጥ የለበትም። ስብሰባ ጥራ፣ ገዥውን ጠይቅ፣ ድምፅ አሰጥ የሚል ቃል የለውም።

«ትንሹ ልክ» ስንት ነው? ሩዝቬልት በመጀመሪያው ዓመት ዋዮሚንግ ያለውን ዴቭልስ ታወር የተባለውን ቋጥኝ ከለሉ። ይሄ ማንንም አላስቆጣም። በ1908 ግን ግራንድ ካንየንን ከ800 ሺህ ኤከር በላይ አድርገው አወጁት። እዚያ ራልፍ ካሜሮን የሚባል ሰው ነበር። በማዕድን ይዞታ ስም ወደ ገደሉ የሚወርደውን መንገድ ይዞ፣ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ጥሩ ንግድ ነው መቼም። ተከራከረ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1920 ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ካንየኑ ራሱ «ሳይንሳዊ ፋይዳ ያለው ነገር» ነው አለ። ከዚያ ወዲህ በስፋት ምክንያት የተከሰሰ ሞኑመንት ሁሉ ይህን ፍርድ ተሻግሮ ማለፍ አለበት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ ልምጣ። «ሕገ መንግሥቱ የስቴቱን ፈቃድ ይጠይቃል» የሚል ሰው ታገኛለህ። ቃሉን ከየትም አላመጣውም፤ በእርግጥ ተጽፏል። ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። የፌደራል መንግሥቱ ከስቴት ውስጥ ለምሽግ፣ ለመሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ለወደብ መሬት ገዝቶ፣ በቦታው ላይ የስቴቱ ሕግ እንዳይሠራ አድርጎ ብቻውን ሊያስተዳድረው ሲፈልግ ነው የስቴቱ ምክር ቤት ፈቃድ የሚያስፈልገው። ቀድሞውኑ የራሱ የሆነውን መሬት ግን ሌላ አንቀጽ ነው የሚገዛው። እዚያ አንቀጽ ላይ «ፈቃድ» የምትል ቃል የለችም።

ይህን ልዩነት ያስተማሩን 19 አህዮች ናቸው። አልቀለድኩም። በ1971 ኮንግረስ በሕዝብ መሬት ላይ የሚኖሩ የዱር ፈረሶችንና አህዮችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ከብት አርቢ አህዮች የከብቶቼን መኖ ፈጁብኝ ብሎ ለፌደራሉ መሥሪያ ቤት አመለከተ። አናነሣም ተባለ። ወደ ስቴቱ የእንስሳት ቦርድ ሄደ። ቦርዱ በ1974 መጥቶ 19ኙን ሰብስቦ በጨረታ ሸጣቸው። ፌደራሉ መልሱ አለ። ኒው ሜክሲኮ ደግሞ ይህን መሬት በእኛ ፈቃድ አላገኛችሁትም፣ ስለዚህ በላዩ ላይ ባለው እንስሳ አታዙም ብላ ተከራከረች። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለአህዮቹ ፈረደ። ሁለቱን አንቀጾች አደባልቃችኋል፣ ኮንግረስ በራሱ መሬት ላይ ያለው ሥልጣን ገደብ የለውም አለ። ነዳጅ ማደያው ላይ ያገኘኸው ሰውዬ ጠበቃ ቢቀጥር መጀመሪያ የሚጋረጥበት ይህ ፍርድ ነው።

ፌደራሉ ከግለሰብ ሲገዛ ነገሩ ይለያል። በ1911 በወጣው የዊክስ ሕግ በምሥራቅ ስቴቶች ደን የሚሆን መሬት ሲገዛ የስቴቱ ምክር ቤት ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። እና ፈቃድ የሚባል ነገር ለሥርዓቱ እንግዳ አይደለም። አስፈላጊ ነው ባለበት ቦታ ኮንግረስ ራሱ ጽፎታል። የ1906ቱ ሕግ ላይ አልጻፈውም።

ያልተጻፈውን በኋላ ያስጻፈ ስቴት ግን አለ። የዋዮሚንግን ታሪክ ትንሽ ልዘርዝረው፤ ለጥያቄህ ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው።

ጃክሰን ሆል ከግራንድ ቲተን ተራሮች ሥር ያለ ሸለቆ ነው። ባለጠጋው ጆን ሮክፌለር ልጅየው መሬቱን ለፓርክ ሊሰጥ አስቦ፣ ስሙን ደብቆ በአንድ ኩባንያ በኩል ከ30 ሺህ ኤከር በላይ ገዛ። አርቢዎቹ ገዢው ማን እንደሆነ ሲያውቁ ተታለልን አሉ። ኮንግረስም ስጦታውን ለዓመታት ሳይቀበል ቆየ። ሮክፌለር ሰልችቶት እሸጠዋለሁ ሲል ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1943 ከ220 ሺህ ኤከር በላይ ሞኑመንት አድርገው ፈረሙ። በዚያው በፀደዩ አርቢዎቹ መሣሪያ ታጥቀው ከ500 በላይ ከብት በሞኑመንቱ ላይ ነዱ። ዋላስ ቢሪ የተባለው የፊልም ተዋናይም ጠመንጃውን ይዞ አብሮ ጋለበ። የሚያቆማቸው አልመጣም። ፎቶው ግን ሥራውን ሠራ።

ኮንግረስ ሞኑመንቱን የሚሽር ሕግ አወጣ። ሩዝቬልት ሳይፈርሙ አስቀሩት። ዋዮሚንግ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ይህ የኮንግረስና የፕሬዚዳንቱ ጉዳይ ነው ብሎ በ1945 ዘጋው። በመጨረሻ በ1950 ተስማሙ። አብዛኛው የሞኑመንቱ መሬት ግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገባ። ካውንቲው ለሚያጣው ግብር ማካካሻ ተቆረጠለት። አርቢዎቹ የግጦሽ መብታቸው ተጠበቀላቸው። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጨመረች፦ ከእንግዲህ ዋዮሚንግ ውስጥ ያለ ኮንግረስ ግልጽ ፈቃድ ሞኑመንት አይታወጅም፣ ያለውም አይሰፋም። ዛሬም ትሠራለች። ከብት ከነዱት አንዱ ክሊፎርድ ሃንሰን ኋላ የስቴቱ ገዥ፣ ቀጥሎም ሴናተር ሆነ። በኋላ ዘመኑ ያኔ ተሳስቼ ነበር ብሎ በአደባባይ አምኗል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ነበር አልልም። ያን ሁሉ ጩኸት ባያሰሙ ኖሮ የግብር ማካካሻውም የግጦሽ ዋስትናውም አይመጣም ነበር።

አላስካ ላይ በአጭሩ፦ ጂሚ ካርተር በታኅሣሥ 1978 በአንድ ቀን 56 ሚሊዮን ኤከር አወጁ። ፌርባንክስ ከተማ ላይ ምስላቸው ተቃጠለ። በ1980 የወጣው የአላስካ መሬት ሕግ ከ5,000 ኤከር በላይ የሆነ አዲስ ክልከላ ኮንግረስ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላጸደቀው ይፈርሳል አለ።

ሌሎቹ 48 ስቴቶች እንዲህ ያለ ልዩ አንቀጽ የላቸውም። ሞኑመንት ሲታወጅ የገዥው ወይም የምክር ቤቱ ስምምነት ይጠየቅ የሚሉ ረቂቆች ኮንግረስ ውስጥ ደጋግመው ይቀርባሉ። እስካሁን ሕግ የሆነ የለም።

አሁን ወደ ዩታህ ልመለስ። በመስከረም 1996 ቢል ክሊንተን ግራንድ ስቴርኬዝ ኤስካላንቲ የተባለውን 1.7 ሚሊዮን ኤከር አወጁ። ምርጫ ሊደርስ ሁለት ወር አልቀረውም ነበር። መሬቱ ዩታ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው ግን አሪዞና ውስጥ በግራንድ ካንየን ጫፍ ላይ ነው። የዩታ ገዥ ወሬውን መጀመሪያ ያዩት ጋዜጣ ላይ ነበር። ሕጋዊ ነው? ነው። ነውር ነው? እኔን ብትጠይቀኝ ነውር ነው። ሰው ቤቱ ስለሚሆነው ነገር ከጋዜጣ አይሰማም። ዛሬ አጥር ላይ የምታየው ሰሌዳ ግማሹ ቂም የመጣው ከዚያ ቀን ነው።

ግን ታሪኩ እዚያ አላቆመም። በሞኑመንቱ መሀል የስቴቱ የትምህርት ቤቶች መሬት ተበታትኖ ነበር። በ1998 ዩታና ፌደራሉ ተደራድረው ተለዋወጡ። ስቴቱ ሌላ ቦታ ላይ መሬትና ማዕድን፣ በላዩም 50 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። አኩርፎ ከመቅረት ይሻላል።

በታኅሣሥ 2016 ደግሞ ባራክ ኦባማ ቤርስ ኢርስን አወጁ፤ 1.35 ሚሊዮን ኤከር፣ ሳን ሁዋን ካውንቲ ውስጥ። ዶናልድ ትራምፕ በ2017 ከመቶ 85 ያህሉን ቀነሱት። ጆ ባይደን በ2021 መለሱት። ፕሬዚዳንት የቀደመውን ሞኑመንት መሻር ይችላል ወይ በሚለው ላይ ራሱ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ተገልብጧል። በ1938 አይችልም ያለው በ2025 ይችላል አለ። ይህ ገና ፍርድ ቤት የሚጨርሰው ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቤርስ ኢርስ ላይ «የአካባቢው ሰው ይፍቀድ» ብንል፣ የአካባቢው ሰው ማነው?

ሳን ሁዋን ካውንቲ ውስጥ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ነባር አሜሪካዊ ነው፤ አብዛኞቹ ናቫሆ። ሞኑመንቱ ይታወጅ ብለው የጠየቁት አምስት ነባር ሕዝቦች ናቸው። ናቫሆ፣ ሆፒ፣ ዙኒ እና ሁለት የዩት ሕዝቦች። የአያት ቅድመ አያታቸው ቤትና መቃብር እዚያ ነው። ከፊሎቹ ዛሬ የሚኖሩት ከዩታ ውጭ ነው። ሆፒ አሪዞና፣ ዙኒ ኒው ሜክሲኮ ነው ያለው። እዚያ ያለመኖራቸው ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩህ ይሄ ነው። ፈቃድ ሰጪው ካውንቲው ነው ብትል እነዚህን ከበር ታስቀራለህ።

ካውንቲው ራሱስ? በ2016 ካውንቲውን የሚመሩት ሦስቱም ኮሚሽነሮች ሞኑመንቱን ተቃውመዋል። አንዷ ኮሚሽነር ናቫሆ ነበረች፤ እሷም ተቃወመች። ስለዚህ ነጭ በዚህ፣ ነባር በዚያ ብለህ በአንድ መስመር አትከፍለውም። በዚያው ዓመት ግን አንድ የፌደራል ዳኛ የካውንቲው የምርጫ ክልሎች በዘር ላይ ተመሥርተው የተከለሉ ናቸው ብለው ወስነው፣ ቀጥሎ አዲስ ካርታ ተሠራ። በ2018 ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ናቫሆዎች በኮሚሽኑ አብላጫ አገኙ። አዲሱ ኮሚሽን በ2019 የቀድሞዎቹን የተቃውሞ ውሳኔዎች ሻረ። ሕዝቡ ያው፣ መሬቱም ያው ነው። የተለወጠው የምርጫ ካርታው ነው። «አካባቢው አልፈቀደም» የሚለው በሦስት ዓመት ውስጥ «አካባቢው ይደግፋል» ሆነ።

ለዚህ ነው ፈቃድ በሕግ ይጻፍ ሲባል የማመነታው። ቃሉ ሲሰማ ጥሩ ነው። ሲተገበር ግን በዚያ ሳምንት ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ቬቶ መስጠት ነው። ከዚያ ደግሞ መሬቱ የ50ውም ስቴት ሰው ነው። አንተም ድርሻ አለህ።

ታዲያ የአካባቢው ሰው ምንም የለውም? አለው፤ ፕሬዚዳንቱ ከፈረሙ በኋላም አለው። ቦታው እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነው የአስተዳደር ዕቅድ ነው። ዕቅዱን በአብዛኛው የሚያወጣው ቢሮ ኦፍ ላንድ ማኔጅመንት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። እሱ ላይ የ1976ቱ የመሬት ሕግ ይሠራል። ዕቅዱ ከፌደራል ሕግ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ በተቻለ መጠን ከስቴቱና ከካውንቲው ዕቅድ ጋር እንዲጣጣም ይጠየቃል። ገዥው የማይጣጣመውን ነገር በ60 ቀን ውስጥ ነቅሶ ማቅረብ ይችላል። ካውንቲው በሰነዱ ዝግጅት ላይ ተባባሪ መሥሪያ ቤት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ይችላል። ግብር ለማይከፈልበት የፌደራል መሬትም ማካካሻ አለ። በ2024 በመላ አገሪቱ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ካውንቲዎቹ አይበቃም ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።

በነገራችን ላይ ፕሬዚዳንቱ ሲከልሉ ባይማከሩም፣ ኮንግረስ መሬቱን «ዊልደርነስ» (መንገድና ሞተር የማይገባበት ዱር) ብሎ ሲከልል ነገሩ የሚሄደው ሌላ መንገድ ነው። በልማድ የስቴቱ ተወካዮች ካልገፉት አያልፍም። አይዳሆ ውስጥ ሪፐብሊካኑ የኮንግረስ አባል ማይክ ሲምፕሰን ቦልደር ኋይት ክላውድስ የተባሉትን ተራሮች ለማስከለል 15 ዓመት ያህል ከአርቢው፣ ከሞተር ሳይክል ነጂው፣ ከአካባቢ ጥበቃው ሰው ጋር ሲደራደሩ ኖሩ። አላልፍ አለ። ከዚያ ኦባማ ሞኑመንት ሊያደርጉት ነው የሚል ወሬ በረታ። በ2015 ኮንግረስ 275 ሺህ ኤከር ያህሉን በሕግ ከለለው። የ15 ዓመቱን ድርድር የቋጨው የፕሬዚዳንቱ ብዕር ከጀርባ መታየቱ ነው። ብዕሩን ብትቀማቸው ተቃዋሚው ለምን ብሎ ይቀመጣል? ድርድሩን ባትጨምርበት ደግሞ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት መጥቶ ይሰርዘዋል። እኔ የምመርጠው ብዕሩ ይቆይ፣ ነገር ግን ካርታው ከመሠመሩ በፊት ገዥውም፣ ካውንቲውም፣ ነባሮቹ ሕዝቦችም ረቂቁን ይዩት፤ ለተቃውሟቸውም በጽሑፍ መልስ ይሰጣቸው የሚለውን ነው። ይሄ ቬቶ አይደለም። ግን ከጋዜጣ መስማትም አይደለም።

እነዚህ የዕቅድ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ማይክራፎኑ ፊት ትቆማለህ፣ ሦስት ደቂቃ ይሰጥሃል፣ ሰዓቱ ቀይ ሲሆን ቁጭ በል ትባላለህ። አንዱ ስለ ነፃነት ይናገራል፣ ሌላው ስለ ምድር እናትነት። ጭብጨባ አለ። መዝገብ ላይ ግን ከሁለቱም እምብዛም አይቀርም። አንዴ አንድ ሽማግሌ አርቢ ካርታ ዘርግተው፣ «ይሄ ዝግ ተብሎ የተሠመረው መንገድ ወደ ከብቶቼ ውኃ የሚወስደው ብቸኛው መንገድ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በመጨረሻው ዕቅድ ላይ መንገዱ ክፍት ነበር። አስተያየት ድምፅ አይደለም፤ አይቆጠርም። አንድ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢልክ መሥሪያ ቤቱ የሚመልሰው እንደ አንድ ሐሳብ ነው። ተጨባጭ ነገር ከያዘ ግን አንድም ቢሆን መልስ መስጠት አለባቸው።

አንተም ዕድሉን ካገኘህ ጻፍ። የዩታ ነዋሪ መሆን አይጠበቅብህም። መንገዱን ከቢሮ ሰው በላይ ታውቀዋለህ። የትኛው ኩርባ ላይ ቱሪስት መኪናውን አቁሞ ፎቶ እንደሚያነሣ፣ የትኛው ቦታ ላይ ለከባድ መኪና መጠምዘዣ እንደሌለ፣ በክረምት የቱ ጋ እንደሚንሸራተት። የመንገዱን ቁጥርና ማይሉን ጠቅሰህ ጻፈው።